የቤተሰብ ፊርማ

«ምንም የለባትም» አለች እናቴ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እኔ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲህ አልጋዬ ላይ በግራ ጎኔ ተጠቅልዬ፣ ሙቅ ውሃ የሞላሁትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በካልሲ ሸፍኜ ከእምብርቴ በታች አጥብቄ ይዤ፣ ሕመሙ ልብስ ለመልበስ የሚሆን ፋታ እስኪሰጠኝ እየጠበቅኩ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ እንቁ በሩ ላይ ቆመው ስለ እኔ ይጠይቃሉ። የእኛ ግድግዳ ወዲያ ሽንኩርት ሲከተፍ ወዲህ ያለ ሰው የሚያለቅስበት ዓይነት ስለሆነ ጆሮዬን መጣል እንኳ አላስፈለገኝም። «እኔስ ብያለሁ ሓዳስ» አሉ እትዬ እንቁ፤ «ሐኪም ካጣው ምን ይባላል? ትዳር ይዛ አንድ ስትወልድ ይለቃታል። የእህቴንም ልጅ እንዲሁ ነበር የሚያደርጋት።» እናቴ የምትመልስላቸውን ጠበቅኩ። እናቴ ማለት በአንድ ኪሎ ቲማቲም ላይ አሥር ብር ተጨመረ ብላ ከነጋዴ ጋር ግማሽ ሰዓት የምትሟገት ሴት ናት። ለእኔ ግን «እንግዲህ» ብቻ አለች፤ ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ሕመሙ ከእምብርቴ በታች፣ ከዳሌዬ መሃል ይነሳና አንዳንዴ ወደ ወገቤ፣ አንዳንዴ ወደ ቀኝ ጭኔ ይወርዳል። በወር አበባዬ ሰሞን ይብሳል፤ ሲያልፍ ግን ተሰናብቶኝ አይሄድም። አራት አልትራሳውንድ፣ ቁጥሩን የረሳሁት የሽንትና የደም ምርመራ፣ አንድ ኤምአርአይ፤ ሁሉም «ኖርማል»። አንዱ ሐኪም ጭንቀት ነው አለኝ፣ ሌላው ጋዝ ነው አለኝ፣ አንዷ ደግሞ ልክ እንደ እትዬ እንቁ አግቢ አለችኝ፤ የእሷን ምክር ለመስማት ግን ለካርድ ከፍያለሁ። ውጤት ይዤ በመጣሁ ቁጥር እናቴ «ምን አሉ?» ትለኛለች። «ምንም የለም አሉ» እላታለሁ። ዝም ትላለች፤ ተነስታ ጓዳ ትገባለች፤ ያልቆሸሸ ሳህን ሳይቀር ታጥባለች። እኔ ይህን ዝምታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ መንገድ ብቻ ነው የተረጎምኩት። አላመነችኝም።

ዛሬ ግን ፊርማዋ ያስፈልገኛል። አሁን የያዘኝ ዶክተር ዘርዓብሩክ፣ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ውስጤን ሊያይልኝ ለሰኞ ቀጥሮኛል። ለዚያ ደግሞ ሆስፒታሉ የእኔ ፊርማ ብቻ አይበቃውም፤ አንድ የቤተሰብ ሰው መጥቶ መፈረምና አስታማሚ መሆን አለበት። እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጥና የእኔ ተራ ከአራት ወር በኋላ ይሆናል። ወንድሜ ሃፍቶም ሐዋሳ ነው የሚሠራው፤ በስልክ «አደይ ትፈርምልሽ» ብሎኛል፤ እናታችንን አደይ ነው የምንላት። ወረቀቱ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቡፌው ላይ ከስኳር ጣሳው ሥር ተቀምጧል። እናቴ በየቀኑ ጣሳውን ታነሳለች፣ ስኳር ትቀዳለች፣ መልሳ ወረቀቱ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ለብሼ ስወጣ ሻይ ቀድታልኝ ነበር። «አደይ፣ ዛሬ እኮ ነው» አልኳት። «ዛሬ ማኅበር አለብኝ» አለች፣ ዳቦውን እየቆረሰች። «እስከ አሥር ሰዓት ነው የሚቆዩት።» «ማኅበሩ መቼ እንደሚያልቅ በምን አውቃለሁ?» ከዚያ ሁለታችንም ሻያችንን ጠጣን። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ እንዲህ ጎልቶ የሚሰማው እኔና እናቴ ስንኳረፍ ነው። የአባቴ ፎቶ ከሰዓቱ ሥር ተሰቅሏል፤ በአንድ ወገን ፈገግ ያለ፣ ክራቫቱ ትንሽ የተጣመመ። ወረቀቱን ከጣሳው ሥር ስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ስኳር ተበትኖበት ነበር። በሩ ጋ ስደርስ «ጠፍጣፋውን ጫማ አድርጊ፤ ዳገት ነው» አለችኝ። ስለ ጫማዬ ሐሳብ ያላት ሴት ስለ ሕመሜ ሐሳብ የሌላት መሆኑ ደሜን አፈላው። ጫማውን ግን ቀየርኩ።

ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ ለጤነኛ ሰው አሥር ደቂቃ ነው። ፒያሳ ፈርሳ እንደገና ከተሠራች ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለሄደው ሰፈር የሚለው አለው። የእኔ አስተያየት ስለ አግዳሚ ወንበሮቹ ነው። የትኛው ጠዋት ጥላ እንዳለው፣ የትኛው መደገፊያ እንደሌለው፣ የትኛው ላይ ሁለት ጎረምሳ ሁልጊዜ ቀድሞ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ዛሬ ሁለቱ ላይ አረፍኩ። ሰው ስልክ የምነካካ ይመስለዋል፤ እኔም ስልኬን አውጥቼ አስመስላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ከሁሉ በላይ የሠለጠንኩበት ሙያ ማስመሰል ነው።

የምሠራው በጋሽ ሉልሰገድ መነጽር ቤት ነው። ጠዋት የመጡት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አቶ መርሻ፣ ነበሩ። የዓይን መመርመሪያው ሰንጠረዥ ፊት አስቀምጬ መስታወቶቹን እየለዋወጥኩ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እላቸዋለሁ። «ያኛው» ይላሉ። «አሁንስ?» «አሁን ደብዘዝ አለ።» የሚሉኝን ሁሉ ጻፍኩ። እጄ ወረቀቱ ላይ እያለ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። እኒህ ሰውዬ ደብዘዝ አለ ሲሉኝ እኔ ዓይናቸው ውስጥ ገብቼ አላየሁም። እርግጠኛ ነዎት? ጭንቀት ይሆን? አላልኳቸውም። ደብዘዝ አለ ካሉ ደብዝዟል፤ አምኜ መነጽር እሠራላቸዋለሁ። ለእኔስ እንዲህ የሚጽፍልኝ ሰው ምነው ጠፋ ብዬ፣ ባንኮኒውን ተደግፌ ዓይኔ እንባ ሞላ። አቶ መርሻ በዚያ ርቀት እንባ የሚያይ ዓይን ስላልነበራቸው ተረፍኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈቃድ ስጠይቀው ጋሽ ሉልሰገድ «ሂጂ እንጂ» አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ግን ሉዋምዬ፣ እውነት አሁንም አላወቁትም?» «አላወቁትም ጋሼ።» ራሱን ነቀነቀና ፊቴን በደንብ አየው። «ፊትሽ ግን ደህና ነው» አለ። ይህቺን ነገር በሳምንት ሦስቴ እሰማታለሁ። ሰው እንዲያምነኝ ፊቴ መገርጣት፣ ወይም ቢያንስ አንድ ጥርስ መውለቅ ነበረበት።

ጎን ለጎን ካለው ሱቅ የሞባይል ሽፋን የምትሸጠው ጓደኛዬ ሲሀም ሱቋን ዘግታ እየጠበቀችኝ ነበር። እናቴ እንደማትመጣ ስነግራት «እኔ እፈርማለሁ፤ እህቷ ነኝ እላለሁ» አለች። «በዚህ ስም?» አልኳት። «አባታችን አራዳ ነበር እላቸዋለሁ፤ ሁለት ቤት ነበረው።» ሳልወድ ሳቅኩ፤ ስስቅ ያመኛል፣ እሱንም ታውቃለች፣ ወዲያው ይቅርታ ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ታክሲ ውስጥ ጥግ አስቀመጠችኝና የእሷን ቦርሳ ከወገቤ ኋላ ደገፈችልኝ።

ሆስፒታሉን ከዚህ በሽታ በፊት አውቀዋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት አባቴ ኪሮስ የተኛው እዚሁ ነበር። ሆዱን ያመው ነበርና ይከፈት ተባለ፤ እናቴ ፈረመች። ከፍተው አዩት፣ መልሰው ሰፉት። ዶክተሩ እናቴን፣ ሃፍቶምንና እኔን ኮሪደር ላይ ጠርቶ እንደማይድን ነገረን፤ ቤተሰቡም ተሰብስቦ፣ እንደ ሀገራችን ወግ፣ ለበሽተኛው እንዳይነገር ወሰነ። ለእሱ ጨጓራ ነው ተባለ። ሐኪሙ ነገሩን ተቀበለ፣ ነርሶቹ ተቀበሉ፣ ጠያቂው ሁሉ እንጀራ ፍርፍር እየያዘ መጥቶ «ምንም የለብህም፣ ትድናለህ» እያለው ሄደ። አንድ ቀን ጥፍሩን ስቆርጥለት «ሉዋም፣ አንቺ አትዋሺኝም። ምን አሉ?» አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። «ምንም የለህም አሉ አባዬ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ሌላኛውን እጁን ሰጠኝ፤ እኔም መቁረጤን ቀጠልኩ። በተሰፋ በአርባ ቀኑ ሞተ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚጸጽተኝ ነገር ቢኖር ያቺ አንድ መልስ ናት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሲስተር አይናዲስ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ሲሀም ደረቷን ነፍታ «እህቷ ነኝ» አለች። «መታወቂያ?» ሲስተር አይናዲስ መታወቂያውን አየች፣ እኛን አየች፣ ደግማ መታወቂያውን አየች። ሲሀም ስለ ሁለት ቤቱ አባታችን ልትጀምር ስትል እግሯን ረገጥኳት። «እህቴ» አለች ሲስተሯ፣ ሳቋን እየዋጠች፣ «ፍቅራችሁ ደስ ይላል፤ ግን ቤተሰብ ነው ያልነው።» ከዚያ ስሜን እንደገና አነበበችና ግንባሯን ቋጠረች። «ሉዋም ኪሮስ አንቺ ነሽ? እናትሽ እኮ እዚህ ናቸው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስምሽን ይዘው ዶክተሩን ሲጠብቁ ነበር። አሁን ገብተዋል።»

ማኅበሩ ውሸት ነበር ማለት ነው። ወረቀቱን ከሲስተሯ መልሼ ተቀብዬ ኮሪደሩን እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም። የዶክተር ዘርዓብሩክ በር ገርበብ ብሏል፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ለክርስትና እና ለሰርግ ብቻ የምታወጣውን ጥቁር ጫማ አድርጋለች። ልገባ እጄን ስዘረጋ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ዶክተር፣ እኔ ጠንካራ ነኝ። ባሌንም ችዬ ሸኝቻለሁ። ለእሷ አይንገሯት፤ ለእኔ ግን እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ያህል ጊዜ ቀራት?»

በሩን አልገፋሁም። ሲሀም ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘች።

«እናቴ፣ ጥቂት ጊዜ ነው የቀራት ያለዎት ማን ነው?» አለ ዶክተሩ።

«ምንም የለባትም ብላችኋላ! አራቴ መጣች፣ አራቴም ምንም የለም አላችሁ። ለባሌም ምንም የለብህም ነበር የምትሉት። እኔ ነኝ በሉ ያልኳችሁ። አሁን ማን ነው በሉ ያላችሁ? ልጄ ሃፍቶም ነው?»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ እንዳለ ተገለበጠብኝ። ጓዳ የምትገባው፣ ያልቆሸሸ ሳህን የምታጥበው፣ ወረቀቱን በስኳር ጣሳ የምትጫነው ለዚህ ነበር። አንድ ጊዜ ፈርማ ባሏን ከፍተው ሰፍተው መልሰውላታል። ለእትዬ እንቁም «ምንም የለባትም» ያለችው፣ አባቴ አልጋ ላይ እያለ ለጠያቂው ሁሉ ትለው እንደነበረው ነው። እኔ አታምነኝም ብዬ ሳኮርፍ፣ እሷ ከሐኪሞቹ አስበልጣ አምናኝ፣ አምናኝም ለብቻዋ ስታለቅሰኝ ኖራለች። ተናደድኩ፤ በሁለታችንም።

ዶክተር ዘርዓብሩክ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «ይስሙኝ እናቴ። የደበቅነው የለም፤ ደብቁም ያለን የለም። በምርመራው የሚገድል ነገር አላየሁም። ሕመሟ ግን እውነት ነው፤ ከየት እንደሚነሳ ነው እስካሁን ያላገኘነው። ሰኞ በካሜራ እናያለን። ያኔም ላናገኘው እንችላለን፤ ይህንን ለእሷም ነግሬያታለሁ።»

«አይገድላትም?»

«ባየሁት ሁሉ፣ አይገድላትም።»

«ተመስገን» አለች እናቴ፤ ትከሻዋ ወረደ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ያቺ የቲማቲሟ ሴት ሆነች። «ታዲያ እንዴት ነው የማታገኙት? እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አገኘው የለ! ይጻፉ። ከሦስት ዓመት በፊት ኅዳር ላይ፣ ከጽዮን ማርያም ማግስት ነው የጀመራት። የወር አበባዋ ሊመጣ አምስት ቀን ሲቀረው ይብሳል። በግራ ጎኗ ነው የምትተኛው፤ በቀኝ አትችልም። ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ ትይዛለች፣ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነው የምትወጣው፣ እንዳላውቅባት። ቁጭ ስትል ቀኝ እግሯን ከሥሯ ታጥፋለች። ሌሊት ሁለቴ ትነሳና ውሃ ታሞቃለች፤ እኔን እንዳትቀሰቅስ ክዳኑን በፎጣ ይዛ ነው የምትከፍተው። ዳገት ላይ ተረከዝ ያለው ጫማ ካደረገች ማታ እራት አትበላም። ይጻፉ እንጂ!»

ዶክተሩ ይጽፍ ነበር። እርግጠኛ ነዎት ወይ አላላትም።

በሩን ገፋሁት። እናቴ ዞር ብላ ስታየኝ አልደነገጠችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። «ቁጭ በይ ጓለይ፣ ልጄ፤ ደረጃ ወጥተሽ ነው» አለች። አልተቀመጥኩም። «አደይ፣ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም? ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያምሻል ወይ ሳትዪኝ?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፤ ከነገርሽኝ ደግሞ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ታውቂያለሽ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺስ አባትሽ ሲጠይቅሽ ነገርሽው?»

ያኔ በሩ ውጭ እንደነበረች አስቤ አላውቅም። ያን ቀን ሰምታኝ ኖሯል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሁለታችን ይዛው ኖራለች። ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው አንዳንድ የስኳር ፍሬ ወረደ፤ እናቴ በመዳፏ ሰብስባ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ምን እንደምታደርገው እንጃ።

እስክሪብቶውን ይዛ ግን አልፈረመችም። «ዶክተር፣ አንድ ነገር አለኝ» አለች። «ሰኞ ስትነቃ ያያችሁትን መጀመሪያ ለእሷ ነው የምትነግሯት። ለእኔ አይደለም፤ ለወንድሟም አይደለም። ብታገኙም፣ ባታገኙም፣ ክፉም ቢሆን። እኔ ኮሪደር ላይ ብትጠሩኝ አልመጣም። እዚህ ላይ ጻፉልኝ።» ዶክተር ዘርዓብሩክ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ እንደሌለ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ አየት አደረጋትና ኅዳጉ ላይ በእጁ ጻፈው። እናቴ መነጽሯን አውጥታ ሁለቴ አነበበችው። እኔ የሠራሁላት መነጽር ነው። ከዚያ ሓዳስ ብላ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለየች፣ ፈረመች።

ሲሀም እስከ ቤታችን በር ሸኘችን። እናቴ እንድተኛ አዘዘችኝና ጠርሙሱን ራሷ ሞልታ፣ ካልሲውን አልብሳ አመጣችልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከግድግዳው ወዲያ በሩ ተንኳኳ። እትዬ እንቁ ነበሩ፤ ስንገባ አይተውናል።

«ከየት ናችሁ ሓዳስ? ደህና ነው?» አሉ።

ሕመሙ ወደ ጭኔ እየወረደ ነበር፤ ጠርሙሱን ወደ ታች አወረድኩ። ሰኞ ካሜራው ምንም ላያሳይ እንደሚችል አውቃለሁ። ከዚያም በኋላ አግዳሚ ወንበር እየፈለግኩ እሄድ ይሆናል። እናቴ ምን እንደምትል ግን ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ።

«ከሐኪም ቤት» አለች። «ልጄ ታማለች እንቁ። ሦስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ምን እንደሆነ ገና አላወቁትም፤ ግን ታማለች።»

ከዚያ እናቴ የእኔን ስም ጠራችና፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «የቀረውን እሷው ትንገርሽ፤ ግቢና ጠይቂያት» አለቻቸው።